ማርታን ያልጠየቅኋት ጥያቄ

ይህን ነገር አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለተበደለችው ነገርኳት። ከእሷ ቀጥሎ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ። ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ "ፓስፖርትዎ የየት አገር ነው?" የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም አውሮፓ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋላ። ይህን ስንቱ አያውቅም መሰላችሁ! ስንቱን ከኤርፖርት ከመመለስ አድኛለሁ። ማርታን ግን አልጠየቅኋትም።

ማርታ ጓደኛዬ ናት። በዲቪ ስትመጣ ያረፈችው ቫን ናይስ ሰፈር እኔ ቤት ነው። መንዳት ያስተማርኳት እኔ፣ ከጓደኞቼ ከሳባና ከሜሮን ጋር ያስተዋወቅኋት እኔ። ዓመት ሳይሞላ ግን ሁለቱም ቀድመው የሚደውሉት ለእሷ ሆነ። ጨዋታ ታውቃለች፣ ምን ላድርግ? የኔ አፍ ቶሎ አይፈታም። አራታችን አብረን ደሴት ሄደን እንረፍ ያልኩት እንኳ እኔ ነበርኩ፤ ማልታ ብዬ ሆቴል ሁሉ መርጬ ነበር። ማርታ፣ "ወንድሜ እኮ ቀርጤስ ነው ያለው። በስደተኛ ወረቀት ከዚያ መውጣት አይችልም፤ አሥራ አንድ ዓመት አላየሁትም" ስትል ሁሉም ቀርጤስ አሉ። ልክ ነበሩ። እኔ ግን በውስጤ ነደድኩ።

ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ፓስፖርቷን በእጄ ይዤ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኛ ሦስታችን ዜግነት አግኝተናል፤ የእሷ ፓስፖርት ግን ገና የኢትዮጵያ ነበር። አየሁ፣ አወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ቪዛ ሳምንታት እንደሚፈጅ እያወቅሁ ሳምንታቱ ሲያልቁ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ያኔውኑ ነቅዞ ነበር።

የጉዞው ቀን የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቷን ደጋግማ ገለጠችና "ቪዛው የታለ?" አለቻት። ማርታ ወደ እኔ ዞረች። እኔስ ምን አልኩ? "ሕጉን ቀይረውት ይሆናል" አልኩ። ዝምታው አልበቃ ብሎኝ ዋሸሁ። እሷ ደግሞ እኛኑ ታጽናና ጀመር። "የኔ ጥፋት ነው፤ ቼክ ማድረግ ነበረብኝ። ሄሉዬ፣ አንቺንም አሳፈርኩሽ፣ ሶሪ። ኦኬ፣ በቃ ሂዱ፤ ዳዊትን ሳሙልኝ" አለችን። ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመለስ ከኋላዋ አየኋት። ያኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ከእንግዲህ ሦስት ነን፤ ወሬውም ሳቁም ወደ እኔ ይመለሳል አልኩ። ሰው እንዲህ ይሆናል? እኔ ሆኛለሁ።

ቀርጤስ ስንደርስ ወንድሟ ዳዊት ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንደቀረች ደውላ ነግራዋለች፤ እሱ ግን "እናንተን ማየት እሷን ማየት ነው" ብሎ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለአምስት ሰው ያሰናዳውን ምሳ ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ሳመን። እየሳመንም በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኑ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ባሕሩ? ባሕሩማ ያምር ነበር። ሳባና ሜሮን ሻንጣ እንኳ ሳይፈቱ ለማርታ በቪዲዮ ደወሉና ያንን የተመኘሁትን ሳቅ ከእሷ ጋር ሳቁት። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ማርታ ከዚያ በኋላ ዜግነት እስካገኝ ልጠብቅ አለች። ዘንድሮ አገኘች። ትኬቷን ማን ቆረጠላት? እኔው። ባለፈው ቅዳሜ ከቀርጤስ ደወለች። "ሄሉዬ፣ ተገናኘን እኮ! አንቺ ባትኖሪ..." ስትል ምስጋናዋን መሸከም አቃተኝ።

"ማርቲ፣ ያኔ አውቅ ነበር" አልኳት። "ቪዛ እንደሚያስፈልግሽ አውቅ ነበር። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ሳቋ ቆመ። "ያኔ እማዬ በሕይወት ነበረች" አለች። "እኔንና ዳዊትን፣ አንድ ላይ ሆናችሁ በአንድ ስልክ ልያችሁ ትለን ነበር።"

ረስቼው ነው አላልኳትም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አላልኳትም። ቀናሁብሽ አልኳት። ለእናንተም ሌላ ምክንያት የለኝም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እያለቀስኩም ቢሆን ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስታቅፈኝ ፊቴን እየሸሸግሁ ኖሬ አሁን የምደብቃት ነገር አለቀ። ይቅር በይኝ አልኳት።

"አሁን አልችልም። ስመለስ እናወራለን" አለች። ስልኩን ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ሶ፣ የምገባው ሐሙስ ነው። ፒክ አፕ ታደርጊኛለሽ አይደል?" አለችኝ።

ይቅር አላለችኝም። ሐሙስ ግን ሄጄ የማመጣት እኔ ነኝ።