ቨርሊን ያላያት ኳስ

ቨርሊን ሃስ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ምንም ነገር አይሞቀው፣ አይበርደው። ሰው ሲስቅ አብሮ ጥርሱን ያሳያል፤ በቃ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የመጣውም የኮሚቴው ሰብሳቢ ሎርና ፕሩዊት ደውላ «እርስዎ ከሌሉ ድምፅ አንሰጥም» ስላለችው ነው። የከተማውን ቤዝቦል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለማ! ሃያ ስድስት ዓመት በራዲዮ አውርቶታል።

በሜዳው በር ላይ በየዓመቱ የአንድ የድሮ ተጫዋች ስም በነሐስ ይቀረጻል። ለዘንድሮ ከታጩት ሁለት ሰዎች ቀርተዋል። አንዱ የሜዳውን መሃል ይጠብቅ የነበረው ደልመር ራስክ ነው። ሌላው ኦቲስ ብራንድቮልድ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ኳስ የተቀበለው፣ አሁን ምላሱ ተይዞ አልጋ ላይ የዋለው። ኦቲስ ለከርሞ እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል።

«ምኑ ነው የሚያከራክረን?» አለ ሥጋ ሻጩ ገስ። «በሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የተያዘችውን ኳስ ማን ይረሳል? ደልመር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በባዶ እጁ ነጠቃት እኮ!»

«ነበርክ?» አለው ቨርሊን።

«በራዲዮ ሰምቻለሁ። ያውም ካንተው አፍ!»

ተሳሳቁ። ቨርሊን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እኔም አልነበርኩም» አለ። «ጣቢያው ወደ ሩቅ ከተማ የሚልከኝ አቅም አልነበረውም። እዚሁ ቁጭ ብዬ በቴሌግራፍ የሚመጣውን ወረቀት እያነበብኩ ነበር የማወራው። ወረቀቱ ‹ወደ መሃል፣ ተያዘ› ይላል፤ ሌላ የለውም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ዝም አይባል ነገር፣ አጥሩን ጨመርኩበት። ባዶ እጁንም። ኦቲስን ግን በዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጣቱ ተሰብሮ ሲጫወት።»

«ኧረ ተው፣ ቨርሊን!» ገስ ራሱን ነቀነቀ። «የአባቴ ጭን ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። የሕዝቡ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

«ሸክላ ነበር ገስ። ጩኸቱን ከሸክላ እያጫወትኩ ነበር የማስገባው።»

«አረጀህ፣ ወንድሜ።»

ሎርና በለሰለሰ ድምፅ ጣልቃ ገባች። «ሚስተር ሃስ፣ ደልመርን እኮ ራሱን ጠይቄዋለሁ። ፀሐይዋ ዓይኑን እንደወጋችው ሳይቀር ያስታውሳል።»

«ፀሐይዋንም እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ ቨርሊን።

እጅ ወጣ። ስድስት ለደልመር፣ አንድ ለኦቲስ።

ሰዉ ወንበሩን ሲመልስ ሎርና ተጠጋችው። «ቅር እንዳይልዎት። በምርቃቱ ቀን ያችን ኳስ ልክ እንደዚያን ጊዜው ቢያወሩልንስ? ሕዝቡ እኮ ይሞትልዎታል።»

መናደድ እንዳለበት ያውቃል። ንዴቱን ውስጡ ፈለገው፤ አጣው።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ከምሳ በኋላ።» ሎርና ወረቀቷን አጣጠፈች። «ለኦቲስ ሚስት ማን ይንገራት?»

«እኔው በዚያ አልፋለሁ» አለ ቨርሊን፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።