የእግር መርዶ

አሰላ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሳለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት፣ የሚማሩትን ልጆች ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር አስተምራቸው ነበር። «ሽማግሌዎች ይዛችሁ በማለዳ ሂዱ፤ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ» እላቸዋለሁ።

ከዲክሲስ ገጠር የመጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ እኛ ዘንድ የተኛው ልጃቸው እግሩ ካልተቆረጠ እንደሚሞት ሐኪሙ ሦስት ቀን ሙሉ ቢያስረዳቸው፣ «አይነካም!» ብለው ድርቅ አሉ። በአራተኛው ቀን ተማሪዬ ታደሰ ሊሞክር ተነሣ። እንደ ትምህርቴ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ እኔም ለማስተርጎም አብሬው፣ ሐጂ ካረፉበት ቤት በማለዳ ደረስን።

ገና ሲያዩን «ያ ረቢ! ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ለካስ እንዲህ የሚኬደው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን ለታደሰ አልነገርኩትም!

«ኧረ አልሞተም ሐጂ!» አለ ታደሰ ሊያነሣቸው ጎንበስ ብሎ። «እግሩን እንድንቆርጥ ይፍቀዱልን ልንልዎት ነው።»

በኦሮምኛ ተረጎምኩላቸው። ሐጂ ብድግ ብለው የታደሰን ግንባር ሳሙት።

«እግር ብቻ? አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስቆማችኋል? ቁረጡ እንጂ!»