ጠይቡ ያደሰው ሽጉጥ

ደጅይጥኑን ሰቆጣ ውስጥ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ማሬ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሰው «ጠይቡ» ነው። ሰው ሁሉ ማረሻውን ያሠራዋል፣ ማጭዱን ያስሞርደዋል፤ ዕቃውን ሲረከብ ግን ከእጁ አይቀበልም። «አስቀምጠው» ይለዋል። ደጅይጥኑ መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ ከመሬት ያነሳል። ቡዳ ነው፣ ቡዳነቱም በእጁ ይተላለፋል ተብሎ ነው። ለአስተማሪነት ተመድቤ ከመጣሁበት ሳምንት ጀምሮ ይህን አየሁ። መጀመሪያ ቀፈፈኝ። ኋላ ለመድኩት። ዛሬ ስጽፈው የበለጠ የሚቀፈኝ መልመዴ ነው።

አባቱ ከፃግብጂ የመጣ ቀጥቃጭ ነበር። መሬት አልነበረውም፤ ለልጁም ወናፍና መዶሻ እንጂ ሌላ አላወረሰውም። ቤታቸው ከከተማው በላይ፣ ድንጋይ ብቻ በሆነ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ውሃው ታች ነው። ማሬ በየቀኑ ወርዳ፣ ሌሎቹ ሴቶች ቀድተው እስኪጨርሱ ከጅረቱ ግርጌ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከዚያ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። አንድ ጉልበቷ ካበጠ ሁለት ክረምት አልፎታል። ደጅይጥኑ በዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው አጠገብ ጎጆ የሚቀልስበት ቁራጭ መሬት።

ያ መሬት የግራዝማች ምንዋጋው ነበር። እኔ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ስለነበር ጉዳዩን ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ። ግራዝማች በ፶፯ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአንድ ጡረተኛ ወታደር አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ ገዙ። እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ጥይት የምትመታው ብረት ከኋላ እንደ ጥፍር ብቅ ስላለች፣ ሽጉጡን ከወገባቸው ሲመዙ ጋቢያቸውን ይዛ ትቀራለች። የካዝናው ሞላ ላልቷል፤ ማነጣጠሪያው ተፍቆ አልቋል። ግራዝማች ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረቁ ሸለቆ ወርደው የገንቦ ስባሪ መምታት ይወዱ ነበር፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ የዒላማ ውድድር አለ።

ጠይቡን አስጠሩት። ሽጉጡን እግሩ ሥር ወረወሩለት።

«ከወገቤ ሳወጣው እንዳያዋርደኝ፤ ስተኩስም እንዳይስት። ትችላለህ?»

ደጅይጥኑ አንስቶ አገላበጠው። «ጌታዬ፣ ይኼን በሽቦ ያሰረው ሰው አጥር ነው ሽጉጥ ነው የጠገነው?»

ግራዝማች ሳቁ። «ምን ያህል ትለኛለህ?»

«ብር አልልም። ከጅረቱ በላይ ካለው ጠፍ መሬት ጎጆ የምታቆም ታህል ይስጡኝ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ግራዝማች በሁላችን ፊት «ዒላማውን ከመታሁበት ቦታው ያንተ ነው» አሉ።

ደጅይጥኑ አርባ ቀን ሠራ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እያልኩ አየው ነበር። ያቺን ጥፍር ሞርዶ ክብ አደረጋት። ከተሰባበረ የጣሊያን ካሚዮን ቀጭን ብረት አውጥቶ፣ በእሳትና በዘይት እየነከረ አዲስ ሞላ ሠራ። ከቀለህ ነሐስ ቆርጦ ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ተከለ፤ ዓይን ቶሎ እንዲያርፍባት ነው። እጀታውን ከወይራ ጠርቦ፣ ላብ እንዳያሟልጨው በጥቃቅን መስመሮች ከተፈው። እኔ ስለ መሣሪያ አላውቅም፤ ዳሩ ግን እጄ ላይ ሳደርገው የራሴ እጅ መሰለኝ። ሦስት ጥይት ሞክሮ ሦስት ጠጠር መታ።

ጥር ሲገባ አመጣው። መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር አደራ፤ ውሃ እንዳይነካው። ሞላው ይዝጋል» አለ።

ግራዝማች አላነሱትም። የንስሐ አባታቸውን መምሬ ወልደ ኢየሱስን አስጠሩ። መምሬ ሽጉጡን ከሩቅ አዩት።

«አርባ ቀን በእጁ ከርሟል። እንዲህ ታጥቀውት ታቦት አጅበው ሊወጡ ነው?»

«ምን ይሻላል አባቴ?»

«ሰባት ቀን ጸበል ውስጥ ይደር።»

ከነጥይቱ ጸበል በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነከሩት። ማሰሮው የተቀመጠው እኔ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ገልጬ አየሁ፤ ውሃው ቡኒ ሆኗል። መልሼ ከደንኩት። ለምን መልሼ እንደከደንኩት እስካሁን ለራሴም በቅጡ አላስረዳሁም።

ውድድሩ የጥር ሚካኤል ማግስት ነበር። ሸለቆው ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ ደጅይጥኑና ማሬ ከሁሉም ርቀው ቋጥኝ ላይ ቆመዋል። ማሬ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር። የግራዝማች ተራ ደረሰ። ሽጉጡ ከአዲሱ የቆዳ ማኅደር ጋቢውን ሳይነካ ወጣ፤ ሰዉ «አቤት!» አለ። ቃታውን ሳቡ። ቀጭ። ደግመው ሳቡ። ቀጭ። ከዳር አንድ ሰው፣ «ግራዝማች፣ ዒላማውን ያስፈራሩታል እንዴ?» አለና ሳቅ ፈነዳ።

«ጠይቡን ጥሩልኝ!»

ደጅይጥኑ መጣ። ካዝናውን አውጥቶ ቢያዘቀዝቀው የዛገ ውሃ ድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሁሉም አየ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ ግራዝማች።

«ውሃ ነው ጌታዬ።»

«ከየት የመጣ ውሃ?»

ደጅይጥኑ መምሬን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ጸበሉ ነው ቢል ጸበል የሚጠላ ቡዳ ሊሆን ነው። «እኔ ቤት ውሃ የለም ጌታዬ» አለ። «ቢኖርማ ቦታውን ባልለመንኩዎት።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ።

«ጸበሉ አበላሸው እያልክ ነው?»

«አላልኩም።»

መምሬ ወልደ ኢየሱስ ጭራቸውን አወዛወዙ። «ጸበልማ ያወጣል እንጂ አያበላሽም። ሽጉጡ ውስጥ የነበረውን ነው ያወጣው።» ሕዝቡ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ማረሻቸው ሁሉ እሱ ቤት የተሳለ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት።

ግራዝማች ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ ማሰሮው አንተ ደጅ ነው የተቀመጠው። የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

ውሃ ብረት ያዝጋል ብዬ ለአራተኛ ክፍል በዚያው ሳምንት አስተምሬ ነበር። «እኔ… ስለ መሣሪያ ብዙም አላውቅም» አልኩ። ደጅይጥኑ አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዒላማው አልተመታም» አሉ ግራዝማች ወደ ሽማግሌዎቹ። «ቃሌ ዒላማውን ከመታሁ ነበር። ሰምታችኋል።»

«ሰምተናል» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አሁን እዚሁ አስተካክለው።»

ደጅይጥኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሽጉጡን ፈታታው። በነጠላው ጫፍ አደረቀ፣ ከጉያው ባወጣው ዘይት ሞላውን ቀባ፣ ደረቅ ጥይት ጠይቆ አጎረሰው፤ መሬት ላይ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ቆመ። ግራዝማች በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው አነሱት። በመጀመሪያው ጥይት ለዒላማ የቆመው ገንቦ ብትንትን አለ። እልልታው ቀለጠ። ወዲያው «እንግዲህ ተመታ፤ ቦታውስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ቦታው በዚያው ወር በእሾህ ታጠረ፤ የግራዝማች በቅሎ ታስርበት ጀመር።

በየካቲት አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጅረቱ ወረድኩ። ከግርጌ ቆሞ የሚጠብቀው ደጅይጥኑ ነበር፤ የማሬ እንስራ እግሩ ሥር። ወንድ እንስራ አያዝልም፤ ሴቶቹ እየተያዩ ይስቃሉ። «ማሬስ?» አልኩት።

«ጉልበቷ እምቢ አለ መምህር።»

ከሸለቆው በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት። አዳመጠ።

«ወደ ግራ አይስብባቸውም?»

«አይስብም። ሁሌም ነው የሚመቱት።»

«ደግ» አለ። የመጨረሻዋ ሴት ቀድታ ስትሄድ ወርዶ እንስራውን ሞላ፤ በገመድ ጀርባው ላይ አዘለውና ዳገቱን ያዘ።