በውርጭ የተነገረ ቁጥር

ዕለቱ ሰኞ፣ ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ደብረ ማርቆስ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ ወለል ብሎ በተከፈተ በር ላይ ቆሜ ለመግባት አፈርሁ። ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና ብለው፣

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ።

«አዲስ የተመደብሁት የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ።»

«ምን?»

ደገምሁላቸው። አሁንም አልሰሙኝም። ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ጠመንጃቸውን የሚወለውሉ ሸበቶ ሰው ሣቁና፣ «የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ ነው የምትለው። እንስሳቱ እንዳይደነብሩባት ቀስ ብላ ነው» አሏቸው። ቢሮው በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ።

ከጋሽ ይሁኔ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። አውሬ ሰው ሲጎዳና እንዲገደል ሲፈቀድ ተኳሹ እርሳቸው ናቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ከመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ጥቁር ቦርሳ አውርደው ሰጡኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይህን ተረከቢ» አሉኝ። ውስጡ የሌዘር ርቀት መለኪያ ነበር። ለአዳኞች ተብሎ የተሠራ፣ በአንድ ዐይን የሚታይበት፣ በመዳፍ የሚያዝ ነገር ነው። የውጭ አገር አዳኝ ለመንግሥት ሰጥቶት ሄዶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኛ ዘንድ ደርሷል። ማንም አልነካውም ነበር። አነጣጥረው ሲጫኑት የማይታይ ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱ በሜትር እውስጡ ይጻፋል።

ሥራዬ ጮቄ ተራራ ላይ ድኩላና ሚዳቋ መቁጠር ነበር። ቆጠራው ልክ የሚሆነው እንስሳው የታየበት ርቀት ሲታወቅ ነው። ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ሞከርሁት፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሁሉ ለካልኝ። ደስ አለኝ።

ጮቄ ላይ ግን በመጀመሪያው ንጋት መለኪያው ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ብጫነው፣ ብጫነው ምንም የለም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ ጊዜ ነቃ።

«ቆለኛ ነው» አሉ ጋሽ ይሁኔ። «ደጋ አምጥተሽ ፍዳውን ታሳይዋለሽ። ጋቢ ግዥለት።»

ቀልዳቸው እውነት ነበረው። ብርድ የሚጎዳው በመጀመሪያ ባትሪውን ነው። ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ባትሪውን አውጥቼ ብብቴ ሥር መያዝ ጀመርሁ። አንድ ጊዜ መሣሪያውን በሙሉ እሳት ወደሚነድበት ጎጆ ይዤው ገባሁ። መስተዋቱ አላበው፤ ስወጣ ላቡ እላዩ ላይ ረጋ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ከእኔ ጋር ያድራል፣ መሣሪያው ግን ከቤት ውጭ በቦርሳው ውስጥ ይቀራል።

ሌሎቹንም ቀስ በቀስ ለየኋቸው። በብርድ ጊዜ ቁጥሩ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጣት ደንዝዞ ሲንቀጠቀጥም አጠገቡ ያለውን ነገር ይለካል። ጉም ካለ የሚለካው ጉሙን ነው። ፀሐይ ውርጩ ላይ ስታብለጨልጭ ሩቁን አያይም፤ ያን ጊዜ ጠቆር ያለ ግንድ ወይም ድንጋይ መፈለግ ነው። ትንፋሽ የማይበትን መስተዋት ስለሚያለብሰው አፌን በነጠላ ሸፍኜ እሠራለሁ። ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር አልቀበልም። ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቱ ከተስማሙ ብቻ እናገራለሁ።

ችግሩ መናገሩ ላይ ነበር። እኔ እየለካሁ ጋሽ ይሁኔ ይመዘግባሉ። አንድ ቀን ማታ ስናመሳክር እኔ ስልሳ ያልሁትን ሁሉ ሰላሳ ብለው ጽፈውታል። ድምፄ ቀጭን፣ አፌ የተሸፈነ፣ ነፋሱም ብርቱ ነበር። ቆጠራውን እንደ ገና ሠራነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ስልሳ የሚባል ቁጥር የለም» አሉ። «ስድሳ በይኝ። አያቴም የሚሉት እንደዚያ ነበር።»

እንደዚያው ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል በመካከላችን ስልሳ የሚባል ቁጥር አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከጮቄ ግርጌ ካለ መንደር መርዶ መጣ። ጅብ አንዲት ሕፃን ከግቢዋ ወስዷል። አባትየው ደሴ ይባላል፤ እኔ አያ ደሴ እለው ነበር። ጅቡ አንካሳ ነው፤ ከመንደሩ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ያለ ዋሻ ውስጥ እንደሚያድር ሁሉም ያውቃል። አያ ደሴ ጦሩን ስሎ ዋሻው ውስጥ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች በጉልበት ይዘውት ነበር። ሁለት ልጆች ቀርተውታል።

እዚያ ስንደርስ ጦሩን ይዞ ከደጁ ተቀምጧል። አልተነሣም። ጋሽ ይሁኔ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ደሴ፣ ስማኝ። ነገ ማለዳ አንድ ጥይት እተኩሳለሁ። አንዱ ካልገደለው የምገባ እኔ ነኝ፤ አንተ አትገባም። ማልልኝ።»

«እንዴት ብዬ ነው እርስዎን አስገብቼ እኔ ከውጭ የምቆም?»

«የማቆስለው እኔ ነኛ። ያቆሰልሁትን ለሰው ትቼ ሄጄ አላውቅም። ማል።»

በመጨረሻ ማለ። ግን እግራችን ሥር ሆኖ ሊያይ ፈለገ፤ ያንን ሊከለክሉት አልቻሉም።

እንዲህ ባለ ሥራ ደንቡ፣ ዋዜማውን በሞቀ ሰዓት ዋሻውንና አካባቢውን ለክቶ ማደር ነው። የዚያን ዕለት ግን ሸለቆውን ከቀትር ጀምሮ ጉም ሞላው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ለንጋት ቀረ። ጅብ ወደ ዋሻው የሚመለሰው መሣሪያው ከምንም ጊዜ ይልቅ በሚሰንፍበት ሰዓት ነው።

ጎህ ሲቀድ ጉሙ ወርዶ አለቀ። ውርጩ ከእግራችን ሥር ይሰበር ነበር። ከሸለቆው አፋፍ ላይ ጠመንጃ የሚያሳርፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ጋሽ ይሁኔ እዚያ ተኙ። ከእርሳቸው ጎን የበቀለው ረዥም ጅባራ እኔን ስለሚጋርደኝ ትንሽ ከፍ ብዬ ከኋላ ተቀመጥሁ። አያ ደሴ በመካከላችን ጎንበስ አለ። ጅብ ጆሮው ስል ነው፤ ጮክ ማለት አይቻልም። እኔ ለአያ ደሴ፣ እርሱ ለጋሽ ይሁኔ እንዲያንሾካሹክ ተስማማን።

ጅቡ መጣ። የፊት እግሩን እየጎተተ ከታች ወጣና ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለከተ። ባትሪውን ከብብቴ አውጥቼ ከተትሁት። ትንፋሼን ያዝሁ። ተጫንሁት። ቁጥሩ ዘገየ፤ ከዚያ መጣ። ደግሜ ተጫንሁት፤ ያው ነው። ከጅቡ አጠገብ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ለካሁ፤ ተስማማ። መሣሪያው እንደዚያን ዕለት ታምኖልኝ አያውቅም።

«ሁለት መቶ ስድሳ» አልሁ።

አያ ደሴ አንገቱን ወደ ፊት አዙሮ አንሾካሾከ። ጥርሱ በብርድ ይንቀጫቀጭ ነበር። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ጋሽ ይሁኔ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ጥቂት ቆይተው ተኮሱ።

ጅቡ ወደቀ። ከዚያ ተነሣ። የኋላውን እየጎተተ ዋሻው ውስጥ ገባ። ጥይቱ ዝቅ ብሏል።

አያ ደሴ ጦሩን ይዞ ብድግ አለ። ጋሽ ይሁኔ ሳይጮኹ፣ «መሐላህ?» አሉት። ቆመ። ሽማግሌው ሸለቆውን ወርደው፣ ማዶውን ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ቆይቶ አንድ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ በእግራቸው ወጡና ከዋሻው ደጅ ተቀመጡ። ጅቡ ሞቷል። የእርሳቸው ጭን ግን ተዘልዝሏል፤ ሮጬ ደርሼ በነጠላዬ ባሥረውም ደሙ አልፎ ይወርድ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟቸው። የመኪናው መንገድ ሩቅ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲለዋወጡ አያ ደሴ ውኃ ሊቀዳ ወደ ምንጩ ወረደ። እኔ ቁስሉን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ይሁኔ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ስንት ነበር ያልሽው?»

«ሁለት መቶ ስድሳ።»

«እኔ ሰላሳ ነው የሰማሁ፤ ለቅርብ አነጣጠርሁ።» ትንሽ አሰቡ። «ስልሳ ብሎኝ ይሆናል። ለእርሱ ምን ልዩነት አለው።»

«አይናገሩ ጋሼ፤ ይደክማሉ።»

«ለደሴ እንዳትነግሪው። የልጂቱ ይበቃዋል።»

«እሺ» አልሁ።

«ምን?»

«እሺ ጋሼ!»

«ዛሬስ ተሰማሽ» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። የመኪናው መንገድ ሳንደርስ ዐረፉ።

በማግሥቱ በአገራቸው በይጁቤ ተቀበሩ። አያ ደሴ ሲያለቅስ አላየሁትም። ከቀብር ስንመለስ ከሰዉ ነጥሎ አስቀረኝ።

«እታለም፣ አንቺ ስድሳ አልሽኝ። እኔ ስልሳ ብዬ ነገርኋቸው። ሌሊቱን ሳሰላስል አደርሁ። አጥፍቻለሁ?»

ፊቱን አየሁት። ጺሙን አልተላጨም፤ ለልጁ የለበሰው ጥቁር ገና አዲስ ነው።

«አንድ ቁጥር ናቸው አያ ደሴ» አልሁት። «ስድሳም ስልሳም አንድ ናቸው።»

«አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

ረዥም ትንፋሽ ወጣው። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። ግን እንደዚያ የከበደኝ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አያ ደሴ አሁን በሕይወት የለም። ይህን ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ከቀብሩ በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። የጋሽ ይሁኔ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ኃላፊው ሁሉንም ሰብስበው ጠበቁኝ።

«ይሁኔ በዚያ ርቀት የሚስት ሰው አይደለም» አሉ። «ምን ተፈጠረ?»

አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ቀደመኝ። «ያ ዕቃ ነው እንጂ ምን ይሆናል! በብርድ እንደማይሠራ ስንት ጊዜ ተነገረ። ድሮ በዐይናቸው ገምተው ሲተኩሱ መቼ ይስቱ ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ጊዜ እንደለካሁ፣ ቁጥሩ እንደተስማማ፣ በድንጋዩም እንዳረጋገጥሁ ልናገር እችል ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ቁጥሩን ማን አስተላለፈ የሚል ነው።

«አዎ» አልሁ። «ብርዱ ነው። ቁጥሩን አሳሳተው።»

«ዕቃው በአንቺ እጅ ነበር» አሉ ኃላፊው።

«በእኔ እጅ ነበር።»

መሣሪያውን ለንብረት ክፍል እንድመልስ ታዘዝሁ። ባትሪውን አውጥቼ፣ መስተዋቱን ጠርጌ፣ ቦርሳው ውስጥ አስገብቼ መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ያ መሣሪያ ከመጋዘን አልወጣም። ወጣት ስካውቶች እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ያስገደለ ዕቃ ይሉታል። በትክክል የለካበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

ከንብረት ክፍል ስወጣ ሁለት ወጣት ስካውቶች ጓዛቸውን አሥረው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ወደ ጮቄ ሊወጡ ነው። አላናገሩኝም። አልፌያቸው ልሄድ ነበር፤ ተመለስሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኋቸው፣ «ቁጥር ስትነጋገሩ ሰላሳ፣ ስልሳ፣ ስድሳ አትበሉ። አሃዝ በአሃዝ ተናገሩ። ሁለት፣ ስድስት፣ ዜሮ። የሰማው ይድገመው። ያልተደገመ ቁጥር እንዳልተነገረ ነው።»

«መለኪያው ተወስዶ ምን ቁጥር አለ?» አለ አንደኛው፣ በቁጣ።

«በዐይን የተገመተም ቁጥር ነው።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛውን ከበሩ፣ ሁለተኛውን ከአጥሩ ጥግ አቆምኋቸውና በሹክሹክታ አንድ ቁጥር እንዲያስተላልፉ አደረግሁ። ሁለተኛው ተሳስቶ ደገመው። እንደ ገና አስጀመርኋቸው።