ብራናውን የተሳለመችው

ትናንት በሰማያዊው መስመር ባቡር ወደ ቤት ስመለስ አንድ ሽማግሌ የራሰ የቆዳ ካፖርት ለብሰው አጠገቤ ተቀመጡ። በረዶው ትከሻቸው ላይ ሲቀልጥ ቆዳው ሸተተኝ፤ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል ሽታ። ሰፈሬ ቴንስታ እስክደርስ መጽሐፌን አልገለጥኩም።

ድሮ የተማርኩበት የመምህርታችን ክፍል እንደዚያ ይሸት ነበር። እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ከጓደኛዬ ጋር ቴንስታ አንድ ክፍል ተጋርተን፣ ጠዋት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት እየተማርን፣ ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርደን ስለ ጥንታዊ የአይሁድ ብራናዎች የሚሰጥ ትምህርት እንከታተል ነበር። ትምህርቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እሷ "ቤት ብቻዬን ከምቀመጥ" ብላ ነው የተከተለችኝ።

መምህርታችን ሸበቶ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስዊድናዊት ነበሩ። አይሁድ የአምላክ ስም ያለበትን ጽሑፍ ቢያረጅም እንደማይጥሉት፣ እንደ ሰው እንደሚቀብሩት ከእሳቸው ሰማን። ከጨው ባሕር ዳር ዋሻዎች የሚወጡ ቁርጥራጮች እንዴት እንደሚገጣጠሙም አሳዩን። መጀመሪያ የፍየሉ ፀጉር የበቀለበትን ነቁጥ ማየት ነው፣ ቀጥሎ ስንጥቁን፤ ፊደሉ መጨረሻ ይመጣል። አዲስ ብራና ቀዳደው ለልምምድ ሲሰጡን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። ጓደኛዬ የፍየሉን ጀርባ ከሆዱ ጋር ትገጥምና "ባለቤቱ ፍየል ራሱ ቢመጣ አያውቀውም" እያለች ትስቅ ነበር።

በእረፍቱ ወራት መምህርታችን ከቁፋሮ ቡድን ጋር ወደ ዋሻዎቹ ሊሄዱ ሆነ። አፈር በወንፊት የሚነፋ አንድ ተማሪ ይዘው መሄድ ይችላሉ ተባለ። አንድ ብቻ። ቦታው የኔ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም፤ ሰፊ የፀሐይ ባርኔጣ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደብቄ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እውነተኛው ቁራጭ መጣ፤ ጥፍር የሚያህል፣ በሁለት መስታወት መካከል የታሸገ። ተራ በተራ ቀረብን። እኔ ትንፋሼን ውጬ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አየሁት። አንድ ፊደልና የሌላ ፊደል እግር ነበረበት። ቀጥላ ጓደኛዬ ቀረበች። ጎንበስ ብላ ግንባሯን አስነካች፣ ከዚያ ቄስ መጽሐፍ ሲያሳልሙን እንደምናደርገው መስታወቱን ተሳለመችው። የከንፈሯ ቅርጽ እላዩ ላይ ቀረ።

"ምን ነካሽ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ሳላስበው እኮ ነው።"

አለቀላት አልኩ በልቤ።

መምህርታችን መሐረብ አውጥተው፣ ሳይቸኩሉ ጠረጉት። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠናው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ሰላም ብዬው አላውቅም" አሉ። በሳምንቱ አብራቸው የምትሄደው እሷ መሆኗን ነገሩን።

ከእሷ በፊት የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። መሳለሙ እኔንም አምሮኝ ነበር። አይነካም የሚለውን ደንብ ስለማውቅ ራሴን ያዝኩ፤ ደንቡን ያላወቀችው ሄደች። ይሄ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ባርኔጣውን አውጥቼ ሰጠኋት። "አንቺ ባትኖሪ ፀሐይ ይገለኝ ነበር" አለችኝ፤ ለማን እንደተገዛ አልጠየቀችም።

ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ አስቀምጬ መረመርኳት። ጠዋት ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል? የሌሊት ወፍ ይሸታል? አፈር ውስጥ ቆዳና ደረቅ ቅጠል በምን ይለያሉ? እየሰለቻት መለሰችልኝ። አንዲት ፊደል የሌለባት ቁራጭ አግኝታ ነበር። የነገረችኝን ሁሉ ያዝኩት።

ዛሬ ሶልና ሆስፒታል ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ቤቷ ምሳ በልተን ስንጨርስ ልጇ በስዊድንኛ፣ "እማ፣ በረሃ ሄደሽ ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሄጃለሁ መሰለኝ። ሙቀቱ ነው ትዝ የሚለኝ" አለች፣ ሳህን እያነሳች። "እሷን ጠይቂያት፣ እሷ ነገር አትረሳም።"

እንዲህ በቀላሉ በመርሳቷም ቀናሁባት።

ለልጅቷ ነገርኳት። የዋሻው አፍ ወደ ምሥራቅ እንደሆነ፣ ፀሐይዋ ገና ስትወጣ አቧራው እንደ ዱቄት እንደሚያበራ፣ ቅጠል ጫን ሲሉት እንደሚሰበር፣ ቆዳ ግን ትንሽ እንደሚታጠፍ። ጓደኛዬ ሳህኖቹን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ቁራጯን መዳፍሽ ላይ ስታደርጊያት ምንም አትከብድም ነበር" አልኳት ወደ እሷ ዞሬ።

"እውነት?" አለች። "ለካ አንቺም አብረሽን ነበርሽ።"

"አልነበርኩም። ቴንስታ ቀርቼ ነበር።"

ሳህኖቹን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

"ከዚያስ?" አለችኝ።