ባለቤቴ የሸጠችው መብራት

ባለቤቴ መብራት ትሸጥ ነበር። ይህን አገር ቤት ላለ ሰው በስልክ ስነግረው አምፖል የምትነግድ ይመስለዋል። አምፖል አይደለም። ዳላስና አካባቢዋ ሽቦው አንድ ነው፣ ቆጣሪውም አንድ ነው፤ መብራቱን የሚሸጥልህንና ቢል የሚልክልህን ኩባንያ ግን አንተው ትመርጣለህ። ግሬፕቫይን በምትባለው ከተማ ባለው ሆቴል አብራት አልጋ የምታነጥፍ ሴት አንድ ቀን ስብሰባ ይዛት ሄደች፣ ባለቤቴ ስትመለስ የአንዱ ኩባንያ ወኪል ሆና ተመለሰች። ሰው ታስመዘግባለች፤ ያ ሰው መብራት ባበራ ቁጥር ለእሷ ጠብ የምትል ትንሽ ነገር አለች። በእረፍት ቀኗ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች።

እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። ታክሲ ነጂ ነኝ። የማላውቀውን ሰው ሻንጣ ተሸክሜ ገንዘብ መቀበል አያሳፍረኝም፤ የማውቀው ሰው ሳሎን ተቀምጬ ከሚያቀርብልኝ ሻይ ጋር ፊርማውን መቀበል ግን ሞቴ ነው። "ዓይንሽን በጨው አጥበሽ!" እላት ነበር። እሷም "ኩራት እራት አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ" ብላ ጫማዋን ታደርጋለች።

የምትሸጠው ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የዳላስ ሰፈር፣ አበሻ በሞላበት የአፓርታማ ግቢ ነበር። እኛም ወደ ቤድፎርድ ከመዛወራችን በፊት የኖርነው እዚያ ነው። ትኬት ቆራጭ የሌለው አውቶቡስ ላይ እንዴት እንደሚሳፈሩ፣ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን እንዴት እንደሚያስነሱ ያሳዩን የዚያ ግቢ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ባለቤቴ ወረቀቷን ስትዘረጋላቸው አንድም ሰው ዋጋው ስንት ነው ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ጥያቄያቸው አንድ ነበር።

"ለአንቺ ይጠቅምሻል ወይ?"

"አዎ፣ ትንሽ ነገር አላት።"

"በይ ጻፊኝ።"

እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃታለሁ። አንድም ቀን አብሬያት አልወጣሁም።

ያን ሰመር ቤንዚን እሳት ሆኖ፣ ወሬው ሁሉ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆኖ ነበር። ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ተሰልፌ ሬዲዮ ስሰማ አንዳንድ የመብራት ኩባንያዎች ከስረው እየተዘጉ ነው አለና ከተዘጉት መሀል የባለቤቴን ኩባንያ ጠራው። የባለቤቴን ማለቴ የእሷ ሆኖ አይደለም። ስሙ ከቤታችን ስለማይጠፋ የቤተሰብ ያህል ሆኖብኝ ነበር። ወዲያው ደወልኩላት።

"ተዘጋ አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"ሬዲዮ።"

"ሬዲዮ የማይለው ምን አለ? እኔ ራሴ ኮል አደርጋቸዋለሁ" ብላ ዘጋችብኝ።

ቤት ስገባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች አገኘኋት። ከወዲያ በኩል ሙዚቃ ይንቆረቆራል፤ ቆይቶ እሱም ተቋረጠ። "ሰው አያነሳም" አለች፣ ቁጭ ስትል እንኳ ወንበሩን ሳታየው።

መብራቱ አይጠፋም። ሕጉ ማንም በጨለማ እንዳያድር ብሎ የተዘጋውን ኩባንያ ደንበኞች ለሌላ ኩባንያ ያስረክባቸዋል። የተረካቢው ዋጋ ግን ጣራ የነካ ነው። ሌላ ኩባንያ እስክትመርጥ ድረስ በዚያ ዋጋ ትቆያለህ፤ ካልመረጥክ ያው ነህ። ነሐሴ ደግሞ እየመጣ ነው፤ በነሐሴ ዳላስ እሳት ናት፣ ቤት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ቅንጦት አይደለም። ባለቤቴ ይህን ስትረዳ ስለ እኛ አላሰበችም። "ሰዎቹ!" አለች፣ "ሰዎቼን ምን ልበላቸው?"

አፈርኩ። በእሷ አፈርኩ፤ በእሷ ማፈሬ ደግሞ በራሴ አሳፈረኝ። ሲያልፍልን ሊያይ የጓጓ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በሚቀጥለው እሑድ እንዴት እንደምረግጠው እያሰብኩ እሷን ማጽናናቱን ረሳሁት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ስቴቱ ያዘጋጀው ድረ ገጽ አለ፤ የሰፈርህን ዚፕ ኮድ ስታስገባ የኩባንያው ዓይነት ይዘረገፋል። ርካሽ ነው ያልነውን ጠጋ ብለን ስናየው ርካሽነቱ ለመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ሌላው ዋጋው ደህና ሆኖ ትንሽ መብራት የተጠቀመውን ይቀጣል፤ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ምን ልታደርገው ነው? ሌላው ኮንትራቱ ሳያልቅ ልውጣ ካልክ አንገትህን ይይዝሃል። ባለቤቴ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች እንደ ዳዊት ደጋሚ ቀስ ብላ ታነባለች።

"ቫሪየብል ሲል ዋጋው በየወሩ ይቀያየራል ማለቱ ነው?"

"ይመስለኛል።"

"የእኔ ምን ነበር?"

የራሳችንን ኮንትራት ከመሳቢያ አውጥተን አየነው። ቫሪየብል ነበር። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየች።

"እኔም እኮ ሳላነብ ነው ሳይን ያደረግኩት" አልኳት፣ ማጽናናቴ ነበር።

"አንተማ ባሌ ነህ። እነሱ ግን እኔን አምነው ነው።"

በመጨረሻ አንድ ደህና ኩባንያ አገኘን። ዋጋው ለዓመት የማይነቃነቅ፣ ሲገቡም ሲወጡም ነገር የማያበዛ። እሷ ወኪሉ ስላልሆነች አንዲት ሳንቲም አታገኝበትም። የእኛን ቶሎ እንቀይረው ስላት ግን ተቆጣች። "የእኛ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ እነሱ።" በስልክ ንገሪያቸው ብላትም፣ "ፊርማቸውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ተቀብዬ ይቅርታውን በስልክ?" አለችኝ። የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

ቪከሪ ሜዶ ስንደርስ ጥላ የሌለው ዛፍ ሥር ፓርክ አደረግሁ። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ኤሲውን ለቅቄ፣ እንደ ልማዴ ቀረሁ። እሷ ልትሰደብ ተዘጋጅታ ወጣች። የመጀመሪያውን ቤት ጨርሳ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ሰደቡሽ?"

"መረቁኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሬው ቀድሞን ግቢው ደርሶ ነበር። ኩባንያው ተዘጋ ሲባል ሰዉ ጧፍ ገዝቶ፣ ገንዳውን ውሃ ሞልቶ ጨለማውን ጠበቀ። በመጣንበት አገር የተዘጋ ነገር ይዘጋል እንጂ መብራቱን ትቶልህ አይሄድም። ጨለማው ሲቀር ታዲያ ምክንያት ፈለጉለት፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ሆነች። "ኩባንያሽ ወድቆ እንኳን የእኛን አላስጠፋሽም፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ" አሏት። እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው፣ ደግሞ ያላችሁበት ዋጋ ይጎዳችኋልና ቶሎ ቀይሩ ብትላቸው፣ ትሕትናዋን አደነቁ። "አንቺን ትተን የት እንሄዳለን? ሰው ሲወድቅ ጥሎ መሄድ ነውር አይደለም እንዴ?" ሁለተኛው ቤት ይኸው። ሦስተኛውም ይኸው።

"ሶ ምን ልበላቸው?" አለችኝ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። ላቧ በአገጯ ይወርዳል።

"ከስሬያለሁ በያቸው።"

"አልኳቸው እኮ! ያኔማ ጭራሽ!"

መሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ተውኩት። የቀሯት እማማ ነበሩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። ባለቤቴ ስትወልድ እናቷ ቪዛ ተከልክለው ሲቀሩ ያረሷት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ ደንበኛዋም እሳቸው። ወደዚያ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። "ውጣ" አለች። ሞተሩን አጥፍቼ ወጣሁ።

በሩን ስገፋው የተቀበለኝ ሙቀት የምድጃ ነበር። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ ኤሲው ዝም ብሏል። እማማ ውሃ የነከሩትን ነጠላ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባለቤቴ እግራቸው ሥር። ለካ ወሬውን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ኤሲውን አጥፍተውታል።

"ምነው እማማ፣ በዚህ ሙቀት?"

"ኩባንያው ከስሯል አሉ አይደል ልጄ? በከሰረ ሰው ላይ ሸክም አይጨመርም። እኔ እንኳ ብቀንስላት፣ መልሶ ቢያንሰራራላት ብዬ ነው።" ባለቤቴን ማለታቸው ነው። ይህን ብለው ወገባቸውን ይዘው ተነሱና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ፣ ኤሲውንም ለኮሱት።

"ተዉት እማማ፣ አልሞቀንም" አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ፣ ላባችን እየተንጠባጠበ።

"እንግዳ ሆናችሁ መጥታችሁማ በሙቀት አላስቀምጣችሁም።"

ብርዱ ከላይ ሲወርድብኝ፣ እኔ ታች መኪና ውስጥ ተንፈላስሼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ሁሉ ትዝ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ በወደድኩ።

ባለቤቴ ሁሉንም ከሥር ጀምራ አስረዳቻቸው። ቀና ብላ ሳታያቸው፣ ኮንትራቱን ሳታነብ እንደሸጠችላቸው ጭምር ነገረቻቸው። "እሱስ እኔም አላነበብኩት" አሉ እማማ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወደ አዲሱ ኩባንያ ደወለችና ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የኩባንያዋ ሴት የቤቱን አድራሻ ጠየቀች፣ ባለቤቴ መለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ደንበኛዋ ራሳቸው ይስማሙ፣ ድምፃቸው ይቀዳል አለች። እማማ የሚጠበቅባቸው የስ ማለት ብቻ ነበር። ስልኩን አነሱና፣ የስ በማለት ፈንታ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"ይሄኛውስ ለአንቺ ይጠቅምሻል ወይ?"

"አይ እማማ፣ ለእኔ ምንም የለውም። የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው።"

"እንግዲያ ይቅርብኝ" አሉና ስልኩን መልሰው አስቀመጡት።

ስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ ሄሎ፣ ሄሎ ትላለች። ባለቤቴ ለመነቻቸው፣ እማማ ደግሞ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የያዙትን ሰው ለባዳ የሚለቁ ሴት አይደሉም። ሴትዮዋ ስልኩን ልትዘጋብን ነው። ከነሐሴው ሙቀት፣ ከዚያ እሳት ዋጋና ከዚያ የረጠበ ነጠላ ጋር ጥለናቸው ልንወርድ ነው። ያን ጊዜ በዚህ ንግድ ላይ ከማሾፍ በቀር አንድ ቃል ተናግሬ የማላውቀው ሰውዬ አፌን ከፈትኩ።

"ይጠቅማታል እማማ። አፍራ ነው እንጂ ይጠቅማታል።"

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ዛሬም መግለጽ አልችልም። እማማ ግን ፊታቸው በራ።

"ምነው ታዲያ! እንዲህ አትይኝም ነበር?" ስልኩን ብድግ አድርገው፣ "የስ! የስ!" አሉ፣ ሴትዮዋ ሁለተኛውን ባትፈልገውም።

በዚያ አላበቃም። እኛን ሊሸኙ እንደወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆመው የጎረቤቶቻቸውን በር ያንኳኩ ጀመር። "ቀይሩ! ይጠቅማቸዋል! አፍራ ነው የደበቀቻችሁ!" በሮቹ ተከፈቱ። ቅድም አንቺን ትተን አንሄድም ያሉት ሁሉ፣ ምነው ሳትነግሪን እያሉ ወቀሷት፤ ከኩባንያው መውደቅ ወዲህ የመጀመሪያው ወቀሳ ያ ነበር። ባለቤቴ በየቤቱ እየገባች ደወለች፣ እነሱም በየተራ የስ አሉ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ በየደጁ ቆሜ "አዎ፣ አዎ" አልኩ። ሁሉም ከዚያ ዋጋ ወጡ። የእኛን ቤት በመጨረሻ ቀየርን።

 ቤድፎርድ ቤታችን ስንገባ፣ "እኔ አንድ ጊዜ ሳላውቅ አታለልኳቸው፤ አንተ እያወቅህ" አለችኝ። ልክ ነበረች። ደግሞም ሌላ ምን እል ነበር?

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ትንሽ ዝናብ ጥሎ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ቀን፣ እማማ ደወሉ። ባለቤቴ ስልኩን ጮክ አድርጋው ቡና ትጠጣ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"ልጄ፣ ያንን ኤሲ ሲሞቅም ሲበርድም ሌት ተቀን አላጠፋሁትም፤ ትላንትማ ጋቢ ደርቤ ነው ያደርኩት። እንዴት ነው፣ ያቺ ትንሽ ነገር እየደረሰቻችሁ ነው?"

ባለቤቴ ስኒዋን አስቀመጠች። ስልኩን ገፍታ ወደ እኔ አስጠጋችው።

"አንተ መልስላቸው" አለችኝ።