ለጉብኝት የተዋስነው ሞተር

አዳማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የዓመቱን የዕድገት ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ግብርና፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት፤ ሦስቱም በየዓመቱ ያድጋሉ። ያላደገ ዘርፍ ጽፌ አላውቅም፤ ጻፊ ያለኝም የለም።

አባቴ ቆቃ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት ያለማ ነበር። ባለፈው በጋ ከበላይ እንግዶች የመስኖ ስንዴ ሊጎበኙ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል የሚደረገው ይታወቃል፦ መንገድ ዳር ያለ አንድ ማሳ ይመረጥና የአካባቢው የውሃ ሞተር ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እንግዳ ከመኪናው ርቆ አይሄድማ! አለቃዬ "አባትሽ ሞተር አላቸው አይደል?" አለኝ። ለአባቴ ደወልኩ።

"ለስንት ቀን ነው?" አለ።

"ለሁለት ቀን ብቻ፣ አባዬ።"

"ለእንግዳማ እንዴት ይከለከላል! ይውሰዱት።"

ጉብኝቱ ወደ ሌላ ሳምንት ተዛወረ። ከዚያም እንደገና ወደ ሌላ። ሽንኩርቱ ራስ የሚይዝበት፣ ውሃ አጥብቆ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። አባቴ ግን ለድግስ ያዋሰውን ድስት እንግዳ ሳይበላ ከምድጃ ላይ የሚያወርድ ሰው አይደለም። "ምን ይሉኛል?" ይላል። እኔም የእሱው ልጅ ነኝ፤ የአባቴን ሞተር መልሱ ለማለት ሁለት ጊዜ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ ሌላ ሌላውን አውርቼ ወጣሁ። በዚያ ይሉኝታዬ ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዶቹ መጡ፤ ስንዴው መሃል ቆመው ፎቶ ተነሡ። ሞተሩ በማግስቱ ተመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እሑድ ቆቃ ስሄድ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። አባቴ አንዱን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከነጭ ሽንኩርት ፍንካች አይበልጥም። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀጣዩ ወቅት ዘርና ናፍጣ የሚገዛበት አልነበረውም። ሞተሩን ሸጠ፤ ገንዘቡም ተበልቶ አለቀ። በዚያ ዕድሜው አዳማ ዳር አንድ ፋብሪካ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ባጣ ቁጥር ሥራ ስለሚያቆም፣ አባቴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው።

ዘንድሮ ሪፖርቱን ስጽፍ ያ የስንዴ ማሳ ከነፎቶው ግብርና ውስጥ ገባ። ኢንዱስትሪው ላይ ስደርስ፣ አዲስ ሥራ ያገኙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የአባቴን ስም አገኘሁት። ልሰርዘው ፈለግሁ፤ ምክንያቱን የምጽፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም። የደረቀ ሽንኩርት የሚጻፍበትም የለም። ተውኩት።

በማግስቱ ምሳ ይዤለት ሄድኩ።

"ሪፖርትሽን ጨረስሽ?" አለኝ።

"ጨረስኩ።"

"እሺ፣ አደግን ታዲያ?"

"አደግን፣ አባዬ።"

"ተመስገን!" አለ። እያሾፈብኝ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነበር።